ልትና ሳማ እዚህም አገር ይበቅላሉ

እዚህ አገር ከገባችሁ ጀምሮ በቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተገለበጠ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ ለሐኪሙ የሚያስተረጉምላችሁ ልጃችሁ ነው። ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላችሁ፣ የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግራችሁም እሱ ነው። የ12 ዓመት ልጅ የቤቱ አባወራ የሆነ ይመስለዋል፤ አባትየው ደግሞ በመርካዝ ክሊታው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቀጥሎ "አባዬ፣ አንተ እኮ አታውቅም" የሚለው ቃል ይመጣል። ይህ ቃል ስንቱን ቤት እንዳወከ በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ አይቻለሁ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትምህርት ቤትም ስለ ቢሮ ጉዳይም አይደለም። ከምትኖሩበት ሕንፃ ጀርባ ስላለው ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ልጃችሁ የማያውቀውን እናንተ ታውቃላችሁ። ከብት የጠበቀ፣ ማሳ ያረሰ፣ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ከአጥር ሥር የለቀመ ሰው ዓይኑንና እጁን ይዞ ነው የመጣው። ነገር ግን እዚህ የሚበቅለው ተክል የእኛው ራሱ የሆነበት ጊዜ አለ፣ ዘመዱ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ፣ መልኩን ብቻ ይዞ መርዝ የሆነበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ። እዚህ አገር ዝናብና ብርድ አብረው ነው የሚመጡት። በእኛ አገር ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል፤ እዚህ ሰኔ ሲገባ ሣሩ ደርቆ ምድሩ ቢጫ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ ዮሬ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይጥላል። ከዚያ በኋላ ሣሩ ይነሣል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ሜዳው አበባ ለብሶ ይከርማል፤ ፔሳህ ካለፈ በኋላ መጠውለግ ይጀምራል። በነሐሴ ወጥቶ አይቶ "ይህ አገር ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው" ብሎ የፈረደ ሰው በየካቲት ተመልሶ ይመልከት። በነሐሴም ቢሆን ባዶ አይደለም። ቅጠል ሳይኖረው ከደረቅ መሬት ብቅ ብሎ እንደ በትር ቀጥ የሚል ነጭ አበባ ታያላችሁ፤ ሃጻቭ ይባላል፣ ሮሽ ሃሻና መቃረቡን ይናገራል ይሉታል። ከመሬት በታች ትልቅ ሽንኩርት የሚመስል ሥር አለው። መርዝ ስለሆነ አይነካም።

የምታውቁት ቅጠል

ከመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በመንገድ ዳር፣ በሕንፃው ጥግ፣ የቆሻሻ ገንዳው በሚቆምበት ቦታ ሳይቀር አንድ ተክል ይወጣል። ቅጠሉ ክብ ሆኖ ጠርዙ እንደ መዳፍ በአምስት ወይም በሰባት የተከፈለ ነው፤ አበባው ትንሽና ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። ብዙዎቻችሁ ልት የምትሉት ወገን ነው። በዕብራይስጥ ሄልሚት ይባላል፤ ሕዝቡ ግን በዐረብኛ ስሙ ሁቤዛ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ኢየሩሳሌም ተከብባ ምግብ ባጠረ ጊዜ የከተማው ሰው ወደ ሜዳ ወጥቶ ይህን ቅጠል እየለቀመ በልቷል። ለዚያ መታሰቢያ ዛሬም በዮም ሃአጽማኡት ሁቤዛ ሠርተው የሚበሉ አሉ። ቅጠል ለቅሞ መብላት የድኻ አገር ልማድ ነው ብሎ የሚያፍር ልጅ ካላችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት፤ አስተማሪውንም ይጠይቅ።

አሠራሩ እንደ ጎመን ነው። ለጋ ቅጠሉን አጥባችሁ፣ ትል እንዳይኖርበት አንድ በአንድ እያገላበጣችሁ አይታችሁ፣ አድቅቃችሁ ከትፋችሁ በሽንኩርትና በዘይት ታበስሉታላችሁ። ሲበስል እንደ ባሚያ ትንሽ ይዝለገለጋል። በእንጀራም በዳቦም ይሄዳል። ክብ የሆነችውን ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ የዚህ አገር ልጆች ጥሬዋን እየቀነጠሱ ይበሏታል።

ሳማም አለ፤ ሲርፓድ ይሉታል። የእኛ አገር ደጋ ሳማ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ዓይነት ነው፤ የዚህኛው ዘመዱ ነው፣ መለብለቡ ግን ያው ነው። በሰሜን ተራሮች በኩል ያደጋችሁ እንዴት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ፤ እዚህም ለጋው ጫፍ በጓንት ተቆርጦ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ መለብለቡን ይተዋል። በየካቲት ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛው የሰናፍጭ ወገን ነው፤ ሃርዳል ይባላል፣ ለጋ ቅጠሉ ይበላል።

ጤና አዳምን ለብቻው ላንሣው፤ ብዙ እናቶች ከአገር ቤት ዘሩን በመሐረብ ቋጥረው ይዘው እንደሚመጡ ስለማውቅ። ጤና አዳም የዚህ ምድር ተወላጅ ነው። በዕብራይስጥ ፔጋም ይባላል። በገሊላና በይሁዳ ኮረብቶች ላይ በድንጋይ መካከል ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከሞሮኮ የመጡ ጎረቤቶቻችሁ ሩዳ ይሉታል፣ እንደ እኛው በትኩስ መጠጥ ላይ ይጥሉታል፣ ከዓይን ይጠብቃል ብለውም በደጃፋቸው ይተክሉታል። አንዲት ቋንቋ የማታውቅ እናት አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይዛ የሞሮኮ ጎረቤቷን በር ብታንኳኳ ያለ አስተርጓሚ ትግባባለች። ለቡናው ግን ከሜዳ ከመቁረጥ በበረንዳ ላይ በማሰሮ መትከሉ ይሻላል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠልና ሊያብጥ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አትውሰደው።

ከጎጃም ወይም ከጎንደር ምዕራብ የመጣችሁ ግብጦን ታውቃላችሁ። እዚህ ቱርሙስ ይባላል፤ ሱቅ ውስጥ ተቀቅሎ ጨው ገብቶበት ይሸጣል። የዱሩ ቱርሙስ ደማቅ ሰማያዊ አበባ አለው፤ ከቤት ሼሜሽ በስተ ደቡብ ያለው ቴል ሶሆ በየካቲትና በመጋቢት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእሱ ይሸፈናል። ግብጦ ስንት ቀን ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደሚበላ ለምታውቁ ሰዎች የዱሩን ፍሬ አትቅመሱ ማለት አያስፈልገኝም፤ ልጆቻችሁ ግን አያውቁም፣ ንገሯቸው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1906 አሮን አሮንሶን የሚባል የእርሻ ዐዋቂ ሮሽ ፒና አጠገብ በድንጋይ መካከል አንድ የዱር ስንዴ አገኘ። ከዚህ የዱር ስንዴ ነው የእኛ አገር አጃ የተገኘው፤ ለአራስ ገንፎ የምትሠሩበት አጃ። በጽፋትና በአካባቢው የምትኖሩ በሚያዝያ ወር በኮረብታው ላይ ብትወጡ ረጅም ጢም ያለውን እሸት ታዩታላችሁ፤ እሸት የማያውቅ የኢትዮጵያ ገበሬ የለም።

የሚመስል ግን ያልሆነ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

እንስላል እዚህ አገር በመንገድ ዳር በብዛት ይበቅላል፤ ሹማር ይባላል። ነገር ግን ሮሽ የሚባል ነጭ አበባ ያለው ገዳይ ተክል ቅጠሉ ይመስለዋል። መለያው ሽታው ነው፤ እንስላልን በጣታችሁ ስታሹት ወዲያው የምታውቁት ጣፋጭ ሽታ ይመጣል፣ አበባውም ቢጫ ነው። ያ ሽታ ከሌለው ወይም የሚከረፋ ከሆነ ተዉት፤ እጃችሁንም ታጠቡ።

ጉሎ በየወንዙ ዳርና በየባዶው ቦታ አለ። ኪካዮን ይሉታል፤ በዮም ኪፑር በሚነበበው በነቢዩ ዮናስ መጽሐፍ ላይ ያለው ስም ነው። ምጣድ ለማሰሻ ፍሬውን የምታውቁ እናቶች፣ ልጆች ያንን ዥንጉርጉር ፍሬ ዶቃ መስሏቸው ወደ አፋቸው እንደሚከቱት አትርሱ። አስተናግርም ዳቱራ በሚል ስም በየቆሻሻው መጣያ አጠገብ ይበቅላል፤ ጎረምሶች "ያሰክራል" ሲባሉ ሰምተው ቀምሰውት ሆስፒታል የሚገቡበት ጊዜ አለ፤ ከልጆቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት። በወንዝ ዳርና በከተማ መናፈሻ ውስጥ ሮዝና ነጭ አበባ ይዞ የሚታየው ሃርዱፍም ከቅጠሉ እስከ እንጨቱ መርዝ ነው። ሥጋ ለመጥበስ እንጨቱን ሽብልቅ እንዳታደርጉት።

እንጉዳይን በሚመለከት አንድ ቃል ብቻ፦ ከሱቅ ግዙ። ከዝናብ በኋላ በዋርካ የሚያህሉ የኦክ ዛፎች ሥር ከሚወጡት መካከል ጉበትን የሚያጠፋ ዓይነት አለ፤ ከበሉት በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ተጀምሯል። የአገር ቤት እውቀት እዚህ ላይ አይጠቅምም።

ልጅ ያልታወቀ ነገር ከበላ በ101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ። ሃይፋ በሚገኘው ራምባም ሆስፒታል ውስጥ የአገሪቱ የመርዝ መረጃ ማዕከል አለ፤ ሐኪሞች ከዚያ ይጠይቃሉ። የተበላውን ተክል ቅጠልና ፍሬ በላስቲክ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን በዕብራይስጥ ማስረዳት ቢያቅታችሁ እንኳ ተክሉ ራሱ ያስረዳል።

የሚበላውንም ቢሆን ከየትም አትልቀሙ። ማዘጋጃ ቤቶች በመንገድ ዳርና በሕንፃ መካከል ያለውን አረም በመድኃኒት ይረጫሉ፤ ሪሱስ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ወይም ሣሩ ያለ ወቅቱ ቢጫ ከሆነ አትንኩ። ውሻ የሚንሸራሸርበትና መኪና የሚበዛበት ቦታም ለምግብ አይሆንም። አጥር የሌለው የብርቱካን እርሻ ባለቤት አለው፤ የወደቀውም ፍሬ የእሱ ነው። በአገራችን ቃርሚያ ለድኻ እንደሚተው የምታውቁ ሽማግሌዎች ይህ ሊከብዳችሁ ይችላል፤ ኦሪትም ያንኑ ያዛል። ግን መጀመሪያ ጠይቁ።

የማይቀጠፈው

በአገራችን ልጃገረዶች በመስከረም አበባ ለቅመው ለጎረቤት ያድላሉ፤ ነውር የለውም፣ ደስታ ነው። እዚህ ግን ልጃችሁ "እማዬ፣ አትቅጠፊ!" ብሎ ቢጮህ ልጁ ልክ ነው። ከጋን ጀምሮ ያስተምሩታል።

ይህ ልማድ ከጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። መንግሥቱ በተቋቋመ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕዝቡ በሰንበት ወጥቶ የዱር አበባ በእቅፍ እየሸከፈ ይመለስ ነበር፤ በየመንገዱም ይሸጥ ነበር። አንዳንዱ አበባ ሊጠፋ ሲቃረብ እ.ኤ.አ. በ1963 የብሔራዊ ፓርኮችና የተፈጥሮ ክልሎች ሕግ ወጣ፤ በዓመቱ የተጠበቁ አበቦችን ሥዕል የያዙ ፖስተሮች በየትምህርት ቤቱና በየጋኑ ተለጠፉ። ልጆች ወላጆቻቸውን ገሠጹ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ መቅጠፉን ተወ። ልጅ ወላጁን ያስተማረበት ጊዜ በእኛ እንዳልተጀመረ ለማየት ይህ ይበቃል።

ከተጠበቁት መካከል ቀዩ ካላኒት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕዝብ ድምፅ የአገሪቱ አበባ ተብሎ ተመርጧል። በጥርና በየካቲት በሰሜን ኔጌቭ፣ በሾኬዳ ጫካና በቤኤሪ አካባቢ ምድሩን ቀይ ምንጣፍ ያስመስለዋል። ከጥቅምት 2023 ጦርነት ወዲህ የደረሰውን ሐዘን የማያውቅ ስለሌለ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በአክብሮት ይሂድ፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነም አስቀድሞ ይጠይቅ። ከድንጋይ ሥር አንገቷን ደፍታ የምትወጣው ሮዝ አበባ ራኬፌት ናት፤ እሷም አትቀጠፍም።

ሕጉ አበባን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። ጦስኝን የሚያስታውሳችሁ፣ እዚህ ዛዕታር ወይም ኤዞቭ የሚባለው ቅጠል እ.ኤ.አ. በ1977 ከተጠበቁት ተክሎች መካከል ገባ፤ አኩብ የሚባለው የሚበላ እሾህ ደግሞ በ2005። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲለቅሙ በኖሩ ዐረቦች ዘንድ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በልጅነቱ ሜዳ የበላ ሰው ቅሬታቸውን ይረዳዋል። እናንተን የሚመለከተው ግን ይህ ነው፦ ቅጣት አለ፣ "አላወቅሁም" ማለትም አያድንም። ዛዕታር በገበያ ርካሽ ነው፤ በማሰሮም ይበቅላል። በተፈጥሮ ክልል ውስጥ ደግሞ ምንም ነገር አይለቀምም። ጠባቂ ካገኛችሁ "ሙታር ሊክቶፍ?" በሉ፤ "መቅጠፍ ይፈቀዳል?" ማለት ነው። "አሱር" ካላችሁ ክልክል ነው።

ሽመላና አጉር

አሁን ቀና ብላችሁ ወደ ሰማይ ተመልከቱ።

በመንደራችን ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ሕፃናት ወጥተው ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት እየጠየቁ ይዘፍኑላት እንደ ነበር አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዘፈኑን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፣ ታውቁታላችሁ። ልጆቻችሁ ግን ላያውቁት ይችላሉ። የሚገርመው ልጆቹ የጠየቁት ትክክለኛዋን ወፍ ነበር። ሽመላ በአውሮፓ ትፈለፈላለች። ስትበር ክንፏን ብዙ አታርገበግብም፤ ከሞቀ መሬት በሚነሣው አየር ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትሄደው። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለሌለ ባሕሩን እየዞረች በቱርክ፣ በሶርያና በሊባኖስ አድርጋ በእስራኤል ላይ ታልፋለች፤ ከዚያ በሲና፣ በዓባይ ሸለቆና በሱዳን አድርጋ ኢትዮጵያ ትደርሳለች፤ ከዚያም አልፋ ወደ ደቡብ የምትሄድ አለች። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የመጡት ወገኖቻችን በእግራቸው የሄዱበትን ምድር እሷ በክንፏ ትሄድበታለች። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በቤት ሼአን ሸለቆ በመቶዎች ሆነው ሜዳ ላይ አርፈው ይታያሉ። ሃሲዳ ይሏታል፤ ስሟ ሄሴድ ከሚለው፣ ቸርነት ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው፤ ያም ሆኖ በኦሪት ከማይበሉት ወፎች አንዷ ናት።

በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በዚህ ትንሽ አገር ላይ እንደሚያልፉ ይገመታል። አየር ኃይሉ ሳይቀር በዚያ ወቅት አውሮፕላኖቹ የሚበሩበትን ከፍታና ጊዜ ይለውጣል፤ ፕሮፌሰር ዮሲ ለሼም የሽመላና የአሞራን መንገድ አጥንተው ስላሳዩ የአውሮፕላንና የወፍ ግጭት እጅግ ቀንሷል።

ሁለተኛዋ የአገራችሁ እንግዳ አጉር ናት፤ ረጅም እግርና አንገት ያላት፣ ግራጫ፣ ስትበር ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ። በጣና ዙሪያ በደንቢያና በፎገራ ያረሳችሁ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በመንጋ ማሳ ላይ ስትለቅም አይታችኋታል። በአካባቢያችሁ ምን ትሏት እንደ ነበር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ከእነዚህ መንጋዎች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የሚዘልቁ አሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ግን በሰሜን እስራኤል በሁላ ሸለቆ ይከርማሉ። ሁላ ቀድሞ ረግረግ ነበር፤ በ1950ዎቹ አደረቁት፣ አፈሩ ሲበላሽ በ1994 ከፊሉን መልሰው ውኃ አስገቡበት። ወፎቹ መጡ፤ መጥተውም የገበሬውን ኦቾሎኒ መብላት ጀመሩ። ገበሬዎቹና የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ተስማምተው ለወፎቹ ለብቻ በቆሎ በትራክተር ይበትኑላቸው ጀመር። ወንጭፍ ይዞ ከማሳ ላይ ወፍ ሲያባርር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሥራው ግን ችግር አላጣውም፤ በአንድ ቦታ ብዙ ወፍ ሲከማች በሽታ ይዛመታል፣ በ2021 መጨረሻ በወፍ ጉንፋን ከ5,000 በላይ አጉሮች አለቁ። ስለዚህ የሞተ ወፍ ብታገኙ በእጃችሁ አትንኩ፣ ልጆችም አይንኩ።

ሁላ ድረስ መሄድ የማይችል በኢየሩሳሌም ክኔሴት አጠገብ የወፍ ጣቢያ አለ። እዚያ ወፎችን በመረብ ይዘው በእግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አድርገው ይለቋቸዋል፤ ለልጆች ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ከዚያም በታች የትም ሳትሄዱ በመስኮታችሁ የምታዩት አለ። ራሷ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተዘረጋ ላባ ያላት ዱኪፋት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ወፍ ተብላ የተመረጠች፣ በመርካዝ ክሊታው ሣር ላይ ትል ስትቆፍር ትውላለች፤ ዘመዷ በአገራችንም አለች። ቁራው ነጭ አንገት የለውም፣ ግራጫ ካባ የለበሰ ይመስላል። ትራክተር ተከትላ የምትሄደው ነጭ ወፍ ያችው ከብት ተከትላ የምትሄደው ናት። ከሱኮት በኋላ ደግሞ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች በአስፋልቱ ላይ የምትሮጥ ነጭና ጥቁር ትንሽ ወፍ ትመጣለች፤ ናህሊኤሊ ናት። ልጆቻችሁ "ብርድ መጣ" ይሏችኋል። እናንተም መጸው ሲገባ በአገር ቤት በወንዝ ዳር ያያችኋትን ንገሯቸው።

ስትወጡ ለእያንዳንዱ ሰው በቂ ውኃ፣ ኮፍያና የተዘጋ ጫማ ያዙ፤ ድንጋይ በእጃችሁ አታገላብጡ፣ ሥሩ ጼፋ የሚባል መርዘኛ እባብ ሊኖር ይችላል። ሼታህ ኤሽ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የወታደር መተኮሻ ቦታ ስለሆነ ተመለሱ፤ በጎላን ደግሞ ቢጫ ምልክት ያለበት አጥር ውስጥ ፈንጂ አለ። የኬሬን ካዬሜት ጫካዎች ጠረጴዛና ጥላ አላቸው፣ አብዛኞቹም መግቢያ አያስከፍሉም። አንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ የተክሉን ስም በዕብራይስጥ ይጻፍ፤ አባት ወይም እናት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይንገሩት፣ ከጎኑ ይጻፈው። አያት ካሉ አያት ይቅደሙ።